ትዕግሥት እስከ መቼ?

አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ጥድፊያን ነቀፉ፤ ደግሞም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው በመዘግየት ላይ ቀለዱ። ሁለቱም ተረቶች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ጠብቅ፣ ሁለተኛው አትጠብቅ የሚል በመሆኑ ሁለቱን በአንድ ቀን የሰማ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትዕግሥት እስከ ምን ድረስ መልካም ጠባይ ነው? ከየትኛውስ ቀን በኋላ ጥፋት ይሆናል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄውን በባዶ አየር ላይ እንዳንሰቅለው ከአንድ የታወቀ ቦታ እንጀምር። ከጅጅጋ ወደ አውበሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ሸደር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የአገሩ ሕዝብ ከፊሉ አራሽ፣ ከፊሉ ከብት አርቢ ነው፤ ብዙውም ሁለቱን ሥራ አጣምሮ ይይዛል። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) በከተማይቱ አጠገብ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩበት መጠለያ ይገኛል። እንግዲህ በአንድ መንገድ ዳር ሁለት ዓይነት ጠባቂዎች ተጐራብተው ይኖራሉ። አንደኛው ጂላል በሚሉት የበጋ ወራት ላሜን ልሽጥ ወይስ የጉን ዝናብ ልጠብቅ እያለ ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ የሚያድር ከብት አርቢ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛ አገር እንዲሄድ የሚፈቅድ ደብዳቤ የሚጠብቅ ስደተኛ ነው።

የሒሳብ ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ነገር «መቼ ማቆም ይሻላል» እያሉ አጥንተውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብርሃም ዋልድ የተባለው ሊቅ በአሜሪካ፣ የጦር ዕቃ ሲመረመር ስንት ናሙና ከታየ በኋላ ምርመራው ይብቃ የሚለውን ጥያቄ ያዘ። የሚታየውን ናሙና ቍጥር አስቀድሞ ከመወሰን ይልቅ፣ ከያንዳንዱ ናሙና በኋላ ልቀበል፣ ልጣል ወይስ ልቀጥል ብሎ መጠየቅ ድካምን እንደሚቀንስ አስረዳ። ነገሩ ጦርነቱ እስኪያልቅ በምስጢር ተይዞ ቆይቶ መጽሐፉ በ1947 ታተመ። በ1960 ማርቲን ጋርድነር በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ሌላውን እንቈቅልሽ ለሕዝብ አቀረበ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ዴኒስ ሊንድሊ መፍትሔውን ጽፎ አወጣ።

እንቈቅልሹን ወደ ገበያችን እናምጣው። አንድ ሰው በሬውን ነድቶ ጅጅጋ ገበያ ወጣ እንበል። ሦስት ነጋዴዎች በተራ መጥተው ዋጋ ይሰጡታል፤ እንቢ የተባለ ነጋዴ ተመልሶ አይመጣም፤ የሚቀጥለው ምን እንደሚሰጥም አይታወቅም። ለመጀመሪያው ዝም ብሎ ቢሸጥ ከሦስቱ ትልቁን ዋጋ የማግኘት ዕድሉ ሲሶ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ዋጋ ለመማሪያ ያህል ሰምቶ ቢያሳልፍና ከዚያ በኋላ ከእርሱ የሚበልጥ የሰጠውን ቢቀበል፣ ነጋዴዎቹ ሊመጡባቸው ከሚችሉት 6 ተራዎች በ3ቱ ትልቁን ዋጋ ያገኛል። ዕድሉ ከሲሶ ወደ እኩሌታ ወጣ ማለት ነው፤ የተጠራጠረ አንባቢ በወረቀት ላይ ጽፎ ይፈትነው። ነጋዴዎቹ እጅግ ሲበዙ ደንቡ ከመቶ 37 ያህሉን አሳልፎ ከዚያ በኋላ ካለፉት ሁሉ የበለጠውን መያዝ ይሆናል፤ ትልቁን የማግኘቱ ዕድልም እንደ አጋጣሚ ከመቶ 37 ያህል ነው።

እዚህ ላይ የከዋክብቱ ሊቅ የዮሐንስ ኬፕለር ነገር ይታወሰናል። ሚስቱ በ1611 ከሞተች በኋላ ለሁለተኛ ጋብቻ 11 ሴቶች ታጭተውለት፣ ሲያመነታና ዘመድ ሲመክረው ከቆየ በኋላ ወደ አምስተኛይቱ ተመልሶ በ1613 አገባት። ኬፕለር ወደ ኋላ መመለስ ችሏል። የከብት ነጋዴው መኪና ግን ቶጎ ውጫሌን አልፎ ወደ በርበራ ወደብ ከሄደ በኋላ አይመለስም።

ከደንቡ ፊት ቆመን ጥቂት ብናስብ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር እናገኛለን። ደንቡን ፍጹም አድርጎ የጠበቀ ሰው ከመቶ 63 ጊዜ ትልቁን ዋጋ ያጣል፤ ከእነዚህም በ37ቱ ትልቁ ዋጋ ለመማሪያ ካለፉት ውስጥ ስለ ነበረ፣ በመጨረሻው የመጣውን ነጋዴ ዋጋ እንደ ሆነው ሆኖ ለመቀበል ይገደዳል። የሒሳቡ ሊቅ በዚህ አያዝንም፤ ሌላ ጨዋታ ይጀምራላ! የሸደሩ ከብት አርቢ ግን ሁለተኛ ጨዋታ የለውም። ደግሞስ ትልቁን ዋጋ ማን ፈለገ? ለጨዋታው ሁለተኛው ዋጋ ከባዶ አይሻልም፤ ለሰውየው ግን ሁለተኛውም ሦስተኛውም ዋጋ የልጆቹ እህል ነው። እርሱ የሚሻው ቤቱ ሳይፈርስ ዓመቱን ማለፍ ነው።

ስለዚህ ከዚህ የሚሻለው ሌላው የሒሳብ ትምህርት ነው። ዋጋው ከ0 እስከ 100 በእኩል ዕድል የሚወድቅ መሆኑ ከታወቀ፣ ከፊቱ ካለው ነጋዴ በኋላ ሌላ ሦስት የሚቀሩለት ሻጭ 70 ያህል ካልተሰጠው አይሽጥ፤ ሁለት ሲቀሩ 62.5፣ አንድ ሲቀር 50 ይበቃዋል፤ ማንም ካልቀረ የተሰጠውን ይቀበላል። ቀኑ ባጠረ ቍጥር የሚጠየቀው ዋጋ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ትናንት ያልተቀበለውን ዛሬ የሚቀበል ሰው ልቡ ደክሞ ሳይሆን ቀኑን ቈጥሮ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን በድርቅ ጊዜ የቀሩት ቀናት ብቻ አይደሉም የሚያጥሩት፤ ዋጋውም ራሱ ይወድቃል። ከብቱ ይከሳል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ ጐረቤቱ ሁሉ በአንድ ሳምንት ከብቱን ወደ ገበያ ይነዳል። በሒሳቡ መጽሐፍ ውስጥ ሻጩ ብቻውን ቆሞ ነው የሚወስነው፤ በጅጅጋ ገበያ ግን የጐረቤቱ ውሳኔ የእርሱ ዋጋ ይሆናል። ከባሕር ማዶ ያለው ውሳኔም እንዲሁ ነው። ሳውዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለውን የከብት በሽታ ፈርታ በ1998 በሯን ዘጋች፤ በ2000 እንደ ገና ዘግታ እስከ 2009 አልከፈተችም። ለዐረፋ በግ አቈይቶ የነበረ አርቢ ይህን በየትኛው ደንብ ያውቀው ነበር?

እኛ የከተማ ሰዎች «ከብት አርቢው ቍጥር ይወዳል፣ ጊዜ ሳለ አይሸጥም» ማለት ይቀናናል። ፍርዱ ግን የተጣደፈ ነው። ላሚቱ የልጆቹ ወተትና የከርሞ ጥጃ ናት፤ ከሸጣት በኋላ ዝናብ ቢዘንብ የላም ዋጋ ስለሚወጣ መልሶ ሊገዛት አይችልም። ማቆሙ ከአኗኗሩ መውጣት ነው። እርግጥ ነው፤ ሶማሌዎች «ደበዴር»፣ ማለት ጅራተ ረዥም፣ ብለው በሰየሙት በ1974ቱ ድርቅ፣ በ2015 በሲቲ ዞን፣ ከ2020 እስከ 2022 መጨረሻም አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ በከሸፉባቸው ቦታዎች የጠበቀ ሰው መንጋው አለቀበት። በሌላ ዓመት ግን ዝናቡ መጥቶ፣ ተጣድፎ የሸጠው ሰው የቀን ሠራተኛ ሆኗል። አንዱን ውሳኔ አንድ ዓመት ጥበብ፣ ሌላ ዓመት ሞኝነት ማለት ዝናቡን ማመስገንና ዝናቡን መውቀስ ነው እንጂ ሰውን መመዘን አይደለም። ሒሳብ ለግብረ ገብ ያበረከተው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለናል፤ ሰው ሊመዘን የሚገባው በወሰነበት ሌሊት በሚያውቀው ነገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ጠባቂ እንለፍ። የእርሱ ነገር ከዚህም ይከብዳል፤ በሒሳቡ ውስጥ የሚጠብቀውና የሚመርጠው አንድ ሰው ነበር፤ በመጠለያው ውስጥ ግን የሚጠብቀው ሌላ፣ የሚመርጠው ሌላ ነው። ስንት ደብዳቤ እንዳለ፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ፣ ከቶም ይደርስ እንደ ሆነ አያውቅም። በ2017 መጀመሪያ አሜሪካ የሶማሊያን ዜጎች ጭምር እንዳይገቡ ስትከለክል፣ በ2025 መጀመሪያም ስደተኛ የመቀበሉን ሥራ ስታግድ፣ ምርመራውን ጨርሶ ሻንጣውን ያሰረ ሰው ሳይቀር ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመለሰ። ልብ ሁሉ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ አካል ብቻ በመጠለያ የሚቀርበትን ሁኔታ የሶማሌ ስደተኞች «ቡፊስ» ይሉታል፤ መንፋት ከሚል ቃል የወጣ ነው። ቡፊስ የያዘው ወጣት ዛሬ ሱቅ አይከፍትም፣ ነገ ሊሄድ ነውና፤ ጋብቻም ያዘገያል።

ሒሳብ ለዚህ ሰው አንድ ጨካኝ ምክር አለው። ያለፈውን አትቍጠር፤ አሥር ዓመት መጠበቅህ ለአሥራ አንደኛው ምክንያት አይሆንም፤ ከፊትህ ያለውን ብቻ መዝን ይለዋል። ምክሩ ለእርሱ ለራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህንኑ ቃል አስጠባቂው ሲናገረው ሐሰት ይሆናል። ጠባቂው ከሒሳቡ ሊያወጣቸው የሚገቡት እነዚያ አሥር ዓመታት ባስጠበቀው ወገን መዝገብ ላይ ዕዳ ሆነው ይቀራሉ፤ አንዱ ለራሱ እንዲረሳ የሚገባውን ሌላው ሊረሳለት አይችልም። ብዙ ጊዜ ስለ ትዕግሥት ስንሰብክ ይህን ሁለቱን እናደባልቃለን። ትዕግሥትን የምንሰብከው ለሚጠብቀው ነው፤ የሚያስጠብቀውን ግን ስለ ፍጥነት የሚጠይቀው የለም።

ዕዳውን መክፈል እንደሚቻል የሚያሳይ ምልክት አልጠፋም። በ2006 ድርቅ በሞያሌ አካባቢ፣ ከብቱ ከመሞቱ በፊት ነጋዴዎች መጥተው እንዲገዙ በመደረጉ 20,000 ያህል ከብት ተሸጠ፤ አርቢውም በገንዘቡ ለቀሩት ከብቶች መኖና ለቤቱ እህል ገዛ። የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ ልምላሜው ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ የሚከፍል የከብት ዋስትና በ2012 በቦረና፣ በ2018 ደግሞ በሶማሌ ክልል ተጀምሯል። እንዲህ ያለ ዋስትና ያለው ሰው ላሚቱን ይዞ ጥቂት ሳምንት ሲጨምር ቤቱን በሙሉ በአንድ ዕጣ ላይ አልጣለም። ለስደተኛው እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ሆኖም በ2019 የወጣው የስደተኞች ዐዋጅ ቍጥር 1110 ሠርቶ የማደርን መብት አውቆለታል፤ ይህ መብት ከወረቀት ወጥቶ በሸደር አንድ ሱቅ በሆነ ጊዜ፣ ደብዳቤው ቢመጣም ቢቀርም ጧት ተነሥቶ የሚከፍተው በር ይኖረዋል።