ቤቱን የያዘችው

ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ የጉራጌ ልጅ ወሬው ሁሉ መንገድ ነው፤ መኪና ጠፋ፣ ታሪፍ ተጨመረ፣ ወልቂጤ መናኸሪያ ሰው በሰው ሆነ። መርካቶ ሱቁን የቆለፈውም፣ ከዐረብ አገር ፈቃድ ወስዳ የመጣችውም ከመስከረም 17 በፊት አንድ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ። እኛም እንደዚያው ነን። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላም አልቀረንም።

ግቢው ውስጥ ስንገባ ዕድሜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከተማ ሠራተኛ የሚያዝዘው ታናሻችን ጺሙ ሸብቶም "አንተ ልጅ፣ እንጨቱን አቅርብ" ይባላል፤ ያቀርባልም። ቅር ሲለው አይቼ አላውቅም። በዓመት አንዴ አዛዥ ማግኘት እረፍት ነው መሰለኝ። ግን የምናዝዘው የድሮውን ልጅ ነው። የዛሬውን ሰው፣ ዕዳውንና ሐሳቡን፣ ጎረቤቱ ከእኛ የተሻለ ያውቀዋል።

የበሬው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም የከረመ ነው፤ ማን ስንት እንዳዋጣ ይታወቃል፣ ይመረቅበታልም። ስለ ቆጮው ግን የሚመረቅ የለም። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በመሃል እየተነቀለ ሌላ ቦታ ይተከላል። ተከላው የወንድ ነው። መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ቀብሮ ወራት ማብላላቱ የሴት። ዘንድሮ ከክትፎው ጋር የቀረበችው ቁራሽ እንግዲህ ስንት መስቀል ቀደም ብላ የተተከለች ናት። የተከለው አገር ቤት የቀረው ወንድማችን ነው። የፋቀችው ሚስቱ።

እሷ ደግሞ የሰው ልጅ ናት፤ ከአንድ ማሕፀን አልወጣንም። ቅቤውን ከመንደሩ ሴቶች ጋር በዕቁብ ትሰበስባለች፤ ማን ጥሬውን፣ ማን ለብለብ እንደሚወድ ሳትጠይቅ ታቀርባለች። ዘንድሮ ለታላቃችን ጣባውን ስታስቀምጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ የእርስዎን ቅቤ ቀንሼዋለሁ፤ ግፊቱ እንዳይነሳብዎ" አለችው። ደም ግፊት እንዳለበት እኛ ያኔ ሰማን።

እናትና አባት ሳሉ ወንድማማችነት በራሱ የቆመ ይመስላል። እነሱ ሲሄዱ ግን የራሱ ቤት እንደሌለው ይታያል፤ እሳት አንድዶ የሚጠብቀው ይፈልጋል። የእኛን እሳት የምታነድደው ከሌላ ቤት የመጣች ሴት ናት። እኛ ስንሸኝ እሷም ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች፤ አዲስ አበባ ያሉት የእሷ ወንድሞች ግን ፈቃዳቸው ከእኛው ጋር ስለሚያልቅ ተመልሰዋል። የእኛን መገናኘት የምትከፍልልን በራሷ መገናኘት ነው ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የመስቀል በዓል ይህንንም ይጨምር እንደሆነ እንጃ።

ዘንድሮ ልንለያይ ስንል ታላቃችን "ለከርሞ ቤቱን እኛ እንያዝና እሷ በበዓሉ ዕለት ከወንድሞቿ ጋር ትዋል" አለ። ሁላችንም ተስማማን። ከመካከላችን ቆጮ መጋገር የሚችል ማን እንደሆነ ግን ገና አልተነጋገርንም።