ተቀጥላ

«ተቀጥላ» ክፉ ቃል ነው። ዋናውን ዛፍ ያነግሥና ሌላውን ጥገኛ ያደርገዋል። «አክሰሰሪ» ለሚባለው ነገር አማርኛ ስፈልግ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነበር፤ አንዲት ጎማ አሳፈረችኝ እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካው ሂውሌት ፓካርድ በ1974 እ.ኤ.አ. ኤችፒ 65 የተባለ የኪስ ካልኩሌተር በ795 ዶላር ለገበያ አወጣ። ባለቤቱ እስከ 100 የሚደርስ የትእዛዝ ቅደም ተከተል ይሰጠውና በአንዲት ቀጭን ማግኔታዊ ካርድ ላይ ያስቀምጣል። ሌላ ቀን ካርዷን ሲያጎርሰው ትንሽ ሞተር ስቦ ያሳልፋትና ትእዛዞቹ ወደ ማሽኑ ይመለሳሉ። ካርዷ ከዚያ ከላይኞቹ አምስት ቁልፎች ራስጌ ትሰካለች፤ በእጅ የተጻፈባት ነገር የየቁልፉ ስም ይሆናል። የጻፍኩት እንዳይሰረዝ ያለ ሰው ደግሞ ጫፏን በመቀስ ይቆርጣታል። አቤት ጥንቃቄ! በ1979 የመጣው ኤችፒ 41ሲ የካርድ አንባቢውን ከሆዱ አውጥቶ፣ ለብቻው ተገዝቶ የሚሰካ ዕቃ አደረገው። ተቀጥላ ማለት ይኼኔ ነው።

ዛሬ ማሽኖቹ በሰብሳቢዎች እጅ ናቸው። ብዙዎቹ አሁንም ይደምራሉ፤ ካርዶቹም ብዙ ጊዜ የተጻፈባቸውን እንደያዙ ናቸው። የሞተው መሀል ያለው ነው። ካርዷን የሚስበው የጎማ መሽከርከሪያ በዕድሜ ብዛት ሟሙቶ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። አንዱ «አትንኩት፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ይኑር» ይላል። ሌላው ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ አዲስ ጎማ ያስገባል። የመጀመሪያውን አልንቀውም፤ አንዴ የተፈታ ብሎን ተመልሶ ያልተፈታ አይሆንም። ግን እስቲ ልጠይቀው፣ የሚጠብቀው ምኑን ነው? አንድ መሐንዲስ ሌሊቱን ተቀምጦ ያሰበው ስሌት ካርዷ ላይ አለ። ዕቃው ንጹሕ ሆኖ ሐሳቡ ከታሰረ፣ የዳነው ፕላስቲኩ ነው።

ስለዚህ እኔ ከሚፈታው ጋር ነኝ። ልቤ ግን ሙሉ አይደለም። ጎማው በታደሰ ማግስት ሰውየው የሚጽፍበት ካርድ ያምረዋል፤ በእጁ ያሉት ደግሞ የሌላ ሰው ሐሳብ የሰፈረባቸው አሮጌዎቹ ናቸው። ጫፋቸው የተቆረጠው ምንም አያከራክሩም፤ ባለቤቱ ፈቃዱን በመቀስ ነግሮናል። ያልተቆረጡትንስ? ያ ሰው ረስቶት ይሆን፣ ወይስ መቀስ አጥቶ?