እምቢ ማለት የሚችል ፍጥረት

በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከማርሳ አላም ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰማዳይ የሚባል የኮራል ሪፍ አለ። ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ይመስላል፤ ጀርባውን ለነፋስና ለማዕበል ሰጥቶ፣ በውስጡ ጸጥ ያለ፣ ወለሉ ነጭ አሸዋ የሆነ ውሃ አቅፏል። ስፒነር የሚባሉት ዶልፊኖች ሌሊቱን በጥልቁ ባሕር ትናንሽ ዓሣና ስኩዊድ ሲያድኑ ያድሩና ሲነጋ ወደዚህ ይገባሉ። የጎብኚ ጀልባዎችም ከወደብ የሚነሡት ጠዋት ነው። ሰው ሊያያቸው በሚመጣበት ሰዓት እነሱ የሚመጡት ሊተኙ ነው። ስለ ዶልፊን ጉብኝት ያለኝ ጥያቄ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ የሰዓት መገጣጠም ነው።

የዶልፊን እንቅልፍ የእኛን አይመስልም። እኛ ተኝተን ትንፋሻችን ሳናዘው ይቀጥላል፤ ዶልፊን ግን ነቅቶ ወደ ላይ ካልወጣ አይተነፍስም። ስለዚህ የአንጎሉ አንዱ ግማሽ ሲያርፍ ሌላው ይጠብቃል፣ ከዚያም ተራ ይለዋወጣሉ። ስፒነሮች የዕረፍታቸው ሰዓት ሲደርስ ተጠጋግተው፣ አብረው እየጠለቁ አብረው እየወጡ፣ ቀስ ብለው ይዋኛሉ። ሌሊት አካባቢያቸውን የሚያስሱበትን ድምፅ ይቀንሱና በዓይናቸው ይጠብቃሉ። ነጩ አሸዋ የሚያስፈልጋቸውም ለዚሁ ነው፤ ሻርክ ቢመጣ በአሸዋው ላይ ጎልቶ ይታያል። ከ2300 ዓመት በፊት አሪስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ ዶልፊን በሳንባ እንደሚተነፍስና ልጁን እንደሚያጠባ ከገለጸ በኋላ፣ ሲተኛ ሲያንኮራፋ የሰሙት ሰዎች እንዳሉ ጭምር መዝግቧል። ይህን የነገሩት ሰዎች ስማቸው አልቀረልንም። ከዶልፊን አጠገብ ሆኖ እንቅልፉን ለማዳመጥ ግን ራሳቸው ምን ያህል ጸጥ ብለው እንደነበር መገመት ይቻላል።

ጀልባው ላይ የተሳፈረው ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው? ምስል እንዳንል፣ ስልኩ ውስጥ የበለጠ የጠራ ምስል አለለት። ቅርበት እንዳንል፣ ገንዳ ውስጥ ታስሮ ኳስ የሚያነሣው ዶልፊን ይበልጥ ይቀርባል፣ በተባለው ሰዓትም ይገኛል። ሰውየው ግን ሁለቱንም ትቶ፣ ፀሐይ እያቃጠለው፣ ማዕበል ሆዱን እያወከው፣ ላያገኘው ለሚችለው ነገር ገንዘቡን ከፍሎ ወጥቷል። እኔ እንደማምነው የሚፈልገው ይህ ነው፦ ሌላ ቦታ መሄድ የሚችል፣ ከእኛም ምንም የማይጠብቅ ፍጥረት በራሱ ፈቃድ ፊቱን ወደ እኛ ሲመልስ ማየት። የዚያ ቅጽበት ክብደት እንዳለ የሚመጣው ፍጥረቱ እምቢ ማለት ይችል ስለነበር ነው። እምቢ የሚልበትን መንገድ ከዘጋንበት የምናየው ያው የገንዳ ዶልፊን ነው፤ ልዩነቱ ግድግዳው አለመታየቱ ብቻ ነው።

ታዲያ ዶልፊን እምቢ የሚለው እንዴት ነው? ፊቱ አይነግረንም። የምንወድለት ፈገግታ የመንጋጋው ቅርጽ ነው፤ ሲጫወትም፣ ሲታመምም፣ ሲሞትም አይለወጥም። ከውሃ ወጥቶ ሲሾር የምናጨበጭብለት ዝላይም ጨዋታ ሊሆን ይችላል፣ ጓደኞቹን መጥሪያ ሊሆን ይችላል፣ ከእንቅልፍ መባነንም ሊሆን ይችላል፤ ከጀልባ ላይ ሆኖ ይህን ከዚያ የሚለይ ሰው አይገኝም። ቶማስ ኔግል በ1974 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ፣ በድምፅ ማስተጋባት ዓለምን የምታውቀውን የሌሊት ወፍ አንሥቶ፣ የእሷን ሕይወት ከውጭ የቱንም ያህል ብናጠና ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልንደርስበት እንደማንችል ተከራክሯል። ዶልፊንም የሚኖረው በዚያው የድምፅ ዓለም ነው። ከዚህ ክርክር ተነሥቶ «ታዲያ ካላወቅን ምን እናድርግ?» ብሎ ሞተሩን የሚያስነሣ ሰው ግን ነገሩን ገልብጦታል። የሌላውን ስሜት አለማወቄ እጄን እንድሰበስብ ያስገድደኛል እንጂ እንደፈለግሁ እንድሆን አይፈቅድልኝም።

ደግሞ ሁሉም ነገር ጨለማ አይደለም። በኤምሬትስ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዕረፍት ቀናቸው ድንበር ተሻግረው ወደ ኦማን ሙሰንደም ቢሄዱ፣ ከኸሳብ ወደብ የሚነሡ የእንጨት ጀልባዎች አሉ። ገደላማ ተራሮች በሚከቡት ውሃ ላይ ዶልፊኖች ከጀልባው ጎን ብቅ ይሉና የጀልባው የፊት ጫፍ የሚገፋውን ማዕበል ይጋልባሉ። ይህን ፈቃድ ብዬ ለመጥራት አላመነታም። እነዚህ ዶልፊኖች ነቅተዋል፣ መንገድ ላይ ናቸው፣ በሰለቹበት ቅጽበት አንድ ጊዜ ጠልቀው መጥፋት ይችላሉ። ሰማዳይ ውስጥ የሚያርፈው መንጋ ግን መሄጃ የለውም፤ ከዚያ ቢወጣ የሚጠብቀው ሻርክ ያለበት ጥልቅ ባሕር ነው። በሁለቱም ቦታ ዶልፊን ለጀልባው ቀርቧል፤ ፎቶውም አንድ ዓይነት ነው። መውጫ ያለው መቅረብና መውጫ የሌለው መቅረብ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ደግሞ ከፎቶው ውጭ ያለውን ባሕር የሚያውቅ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሻርክ ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ የታየው ነው። ላርስ ቤይደርና ባልደረቦቹ በ2006 ባወጡት ጥናት የብዙ ዓመት መዝገብ አመሳከሩ። የጀልባ አስጎብኚዎች ከአንድ ወደ ሁለት ሲጨምሩ በአካባቢው የሚገኙት ዶልፊኖች ቁጥር ቀነሰ፤ ጀልባ በማይበዛበት ጎረቤት ውሃ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። የሚያስገርመው ሌላው ግኝት ነው፦ ጀልባ በለመደው ውሃ የቀሩት ዶልፊኖች ጀልባ ሲቀርባቸው ብዙም አልተረበሹም። ጀልባው ላይ ብቻ ቆሞ የሚያይ ሰው «ለምደውናል» ይል ነበር፤ ሲልም የሚያየውን በትክክል እየተናገረ ነበር። ያላየው ያልቻሉትን ነው፤ ቻይ ያልሆኑት ቀድመው ሄደዋል። የሄደ ቅሬታ አያሰማም፣ የቀረውም ዝምታ ስምምነት ይመስላል። የአካባቢው መንግሥት ከጥናቱ በኋላ ከሁለቱ የአስጎብኚነት ፈቃዶች አንዱን አነሣ። በአሜሪካም የሃዋይ ስፒነሮች ጉዳይ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ2021 ሕግ ወጣ፤ ከዳርቻው እስከ 2 የባሕር ማይል ባለው ውሃ ውስጥ ከ50 ያርድ፣ ማለትም ከ45 ሜትር ገደማ፣ አልፎ ወደ እነሱ መቅረብ ተከለከለ።

ሰማዳይ የደረሰበት መፍትሔ ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። የሰው ብዛት ከልክ አልፎ ስለነበር ቦታው በ2003 መጨረሻ ተዘጋ፤ በ2004 ሲከፈት ውሃው በተንሳፋፊ ምልክቶች ለሦስት ተከፍሎ ነበር። ጀልባ የሚቆምበት አለ፣ ዋናተኛ የሚንሳፈፍበት አለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የውስጠኛው ውሃ ግን ለዶልፊን ብቻ ተተወ። የመግቢያ ክፍያ ተጣለ፣ የጎብኚው ቁጥርና ሰዓት ተወሰነ። በአገራችን ሰው ደጅ የደረሰ እንግዳ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራና ቆሞ ይጠብቃል፤ መልስ ካልመጣ «ማንም አትግባ አላለኝም» ብሎ ዘው አይልም። በሰማዳይ መስመሩ ላይ ተንሳፍፎ የሚጠብቅ ዋናተኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዳንድ ቀን ዶልፊኖች ራሳቸው መስመሩን አልፈው ወደ ሰዎቹ ይመጣሉ። አንዳንድ ቀን አይመጡም።

ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይ ማየትና መብላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሰው ልጅ ታላቅ ሐዘን አድርጋ ትቆጥረው ነበር። ውብ ነገር ስናይ የእኛ እንዲሆን፣ ወደ ውስጣችን እንዲገባ እንፈልጋለን፤ ከበላነው ግን የለም። በ1943 ያረፈችው ይህች ሴት ስለ ዶልፊን ጀልባ አልጻፈችም፤ ሆኖም ዶልፊኑን ካልዳሰስኩ፣ ከኋላው ካልዋኘሁ፣ አብሬው ፎቶ ካልተነሣሁ የሚለውን ረሃብ ከእሷ የተሻለ የገለጸልኝ የለም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ይህ ነው፦ ሰው የሚጠብቀው የወደደውን ነው፣ የሚወደውም የቀረበውን ነው፤ ሕፃናትን ከዶልፊን ብታርቁ ነገ ለባሕሩ የሚቆረቆር አታገኙም። የጀልባ ሰዎች እንጀራም አለ፤ ዓሣ ማጥመድ ትቶ አስጎብኚ የሆነ ሰው መረቡን መልሶ እንዲያነሣ መግፋት ለዶልፊኑም አይበጅም። ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ ስለዚህም ጉብኝቱ ይቅር አልልም። ነገር ግን ሕፃኑ በዚያ ቀን የሚማረው ስለ ዶልፊን ብቻ አይደለም፤ በወደዱት ነገር ፊት እንዴት እንደሚቆሙም ይማራል። ሞተር አጥፍቶ የሚጠብቅ ካፒቴን ያየ ልጅና መንጋውን ከበው የሚያሯሩጡ ጀልባዎችን ያየ ልጅ የሚያድጉት በተለያየ ፍቅር ነው።

እኔ ሥልጣኑ ቢኖረኝ ከሁሉ በፊት የማስቀረው አንዳንድ አስጎብኚዎች የሚሰጡትን ዋስትና ነው፦ ዶልፊን ካላያችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል፣ ወይም በነፃ ትመለሳላችሁ የሚለውን። ለደንበኛው ታማኝነት ይመስላል፤ የዶልፊኑን እምቢታ ግን የካፒቴኑ ኪሳራ ያደርገዋል። ጀልባው ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ፣ ነዳጁ ተቃጥሎ፣ ሰዓቱ እያለቀ፣ ካፒቴኑ ያረፈ መንጋ ከሩቅ ቢያይ፣ ርቀቱን ጠብቆ እንዲቆም የሚጠየቀው ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ነው። ትኬቱ የሚሸጠው ባሕሩን፣ ሰዓቱንና የካፒቴኑን ዕውቀት ከሆነ ግን፣ ዶልፊኑ ሳይመጣ ሲቀር ማንም የሚመልሰው ዕዳ የለበትም፤ ካፒቴኑም ሞተሩን ማጥፋት ይችላል።