ቁልፍና ሰይፍ

የሰው ልጅ በብዙ ቃል ሊገልጠው የሚፈልገውን አሳብ በአንዲት ትንሽ ምልክት መግለጥን ከጥንት ጀምሮ ለምዷል። ነገር ግን በልብስ ላይ የምትደረግ ምልክት የምትናገረው ለማን ነው? ለሚለብሳት ነው ወይስ ለሚመለከታት? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ሲመረምሩት ግን ክብር ምን እንደ ሆነ እስከ መጠየቅ ያደርሳል።

ለምሳሌ ያህል ኳርተርማስተር የሚባለውን የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የስንቅና የትጥቅ ክፍል ዓርማ እንመልከት። በዓርማው ላይ ሰይፍና ቁልፍ ተመሳቅለው በሠረገላ መንኰራኵር ፊት ይታያሉ፤ ከበላያቸውም ክንፉን የዘረጋ ንስር አለ። ንስሩ የአገሪቱ ምልክት ነው። ሰይፉ ወታደርነትን፣ ቁልፉ ግምጃ ቤት ጠባቂነትን ያመለክታል። ስድስት በቅሎ ከሚስበው ሠረገላ የተወሰደው መንኰራኵር ደግሞ ስንቅ ማመላለስን ያሳያል። የመንኰራኵሩ 13 ዘንጎችና በጠርዙ ዙሪያ ያሉት 13 ከዋክብት፣ ክፍሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 ሲቋቋም የነበሩትን 13 ግዛቶች ያስታውሳሉ። መኰንኖቹም ይህን ዓርማ በደንብ ልብሳቸው ኮሌታ ላይ ያደርጉታል።

እንግዲህ ቁልፍ ከሰይፍ ጋር እኩል ሊቆም ይገባዋልን? «ተዋጊው ደሙን ሲያፈስ የግምጃ ቤቱ ሹም በጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ሁለቱን ማስተካከል ፍርደ ገምድልነት ነው» የሚል ሰው አይታጣም። ይህንኑ የሚመስል ቅሬታ ከክፍሉ ሹማምንት ከአንዱ አፍም ወጥቷል። ጄኔራል ናታናኤል ግሪን በ1778 ሹመቱን የተቀበለው ሳይወድ፣ በጄኔራል ዋሽንግተን ግፊት ነበር፤ በታሪክ ውስጥ የስንቅ ሹም ስም ሲነሣ የሰማ ሰው እንደሌለም በደብዳቤው አመልክቷል።

ነገር ግን ግሪን ከመሾሙ በፊት የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በ1777 መገባደጃ ከ11,000 እስከ 12,000 የሚሆን የዋሽንግተን ሠራዊት ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቫሊ ፎርጅ በተባለው ሥፍራ ሰፈረ። የቀድሞው የክፍሉ ሹም ሥራውን ለቅቆ ስለ ነበር ኃላፊነቱን የሚሸከም ሰው ለወራት ታጣ። በሠረገላ እጦትና በአስተዳደር ጉድለት ምክንያት ምግብና ልብስ በጊዜው አልደረሰም፤ ብዙዎችም በብርድ ወራት ያለ ጫማ ቀሩ። በዚያ ሰፈር ጦርነት አልተደረገም፤ ሆኖም ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ በበሽታ፣ ሞቱ። ግሪን ሥራውን ከያዘ በኋላ ግን የሠራዊቱ ኑሮ ተሻሻለ።

ከዚህ የምንረዳው ቁልፍ ከሰይፍ ጋር የቆመው በአደጋ ስለሚተካከለው አለመሆኑን ነው። የሚተካከሉት በአደራ ነው። ሰይፍ የያዘ ሰው ሲሸሽ ወገኑ እንደሚሞት ሁሉ፣ ቁልፍ የያዘ ሰው ችላ ሲልም ወገኑ ይሞታል። ልዩነቱ የመጀመሪያው ጥፋት በሁሉ ፊት ሲታይ፣ የሁለተኛው በመዝገብና በሰበብ ሊሸፈን መቻሉ ነው።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ዓርማን በኮሌታው ያደረገ ሰው መስተዋት ካልያዘ በቀር ራሱ አያየውም፤ የሚያየው ከፊቱ የቆመው ነው። ባዶ እግሩን የቀረ ወታደር ያንን ቁልፍ ሲያይ የሚያነበው የሹሙን ማዕርግ ሳይሆን፣ ጫማ ሊደርሰኝ ነው የሚል ተስፋን ነው። ስለዚህ ዓርማ ለለባሹ የተከፈለ ዋጋ ሳይሆን፣ ለሚመለከተው የተገባ ቃል ነው ማለት እንችላለን። ግሪን ስሙ በታሪክ እንዳይረሳ መመኘቱ ሰብአዊ ነው፤ ነገር ግን ቃሉን የጠበቀው ዝና ሳይጠብቅ መሆኑ የበለጠ ያስመሰግነዋል።

እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ሰይፍ ባንታጠቅ፣ ቁልፍ ወይም ማኅተም ተሰጥቶናል። ከሩቅ አገር መጥቶ በደጃችን የሚቆም ባለጉዳይ ማኅተሙን የሚያየው በተስፋ ነው። «ነገ ተመለስ» ብለን ያለ ምክንያት በምንሸኘው ጊዜ፣ ያፈረስነው የማንን ቃል እንደ ሆነ እናስብ።