ዜሮውን የመረጠው ማን ነው?

የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ዜሮ ቮልት የተባለው ሰዎች ስለተስማሙበት ብቻ ነው። በጥቁር የፕላቲነም ብናኝ የተለበጠ የፕላቲነም ቁራጭ፣ በ1 ባር ግፊት የሚገባ የሃይድሮጅን ጋዝ፣ የሃይድሮጅን አዮኑ አክቲቪቲ 1 የሆነ አሲድ፤ እነዚህን አሰናድተን «ከዚህ እንቁጠር» አልን። ይህን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስነግር አንዷ እጇን አወጣች፦ «ታዲያ መምህር፣ መነሻው ስምምነት ከሆነ የቀረውስ ሁሉ ስምምነት አይደለም?»

ጥያቄዋ ከኬሚስትሪ ያልፋል። ስለ ደግና ክፉም እንዲህ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ዚንክ −0.76፣ መዳብ +0.34 ቮልት ተብለው ተመዝግበዋል። መነሻችን ብር ቢሆን ኖሮ ዚንክ −1.56፣ መዳብ −0.46 ይባሉ ነበር። የሁለቱ ልዩነት ግን በሁለቱም ሠንጠረዥ 1.10 ቮልት ነው። ቮልትሜትሩ የሚያነበውም ይህንኑ ልዩነት ነው፤ አንድን ኤሌክትሮድ ለብቻው መለካት አይቻልም፣ ሁለተኛ ጫፍ የግድ ያስፈልጋልና።

አማኝ ነኝ። ፍጹሙን በቀጥታ መለካት አለመቻላችን ፍጹም ነገር የለም ለማለት ማስረጃ ይሆናል ብዬ አላስብም። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ፍለጋውን አልተዉም፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ባወጣው ምክረ ሐሳብ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ፍጹም ፖቴንሻል በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 4.44 ቮልት ያህል ነው። (እሱም ቢሆን የተሰላው በባዶ ሕዋ ካለ ኤሌክትሮን ተነሥቶ ነው።) በዚህኛው መነሻም የዚንክና የመዳብ ልዩነት ያው 1.10 ቮልት ነው፤ እሱን ማንም በስምምነት አላወጣውም።