የጠባቂ መሐላ ለግንቡ ነውን፤ ወይስ ለሕዝቡ?

ሰው የገባውን መሐላ እስከ ሞት ድረስ መጠበቅ እንደሚገባው ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይከራከርበትም። ዳሩ ግን መሐላው የሚጠበቀው በራስ ሞት ሳይሆን በሌላ ሰው ሞት በሆነ ጊዜ ነገሩ ይከብዳል። ጠባቂው ቃሌን አላፈርስም ሲል ዋጋውን የሚከፍለው በጓዳ የተኛው ሕፃን የሆነ እንደ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ጽናት ታማኝነት ይባላልን? ይህን ጥያቄ በአሳብ ብቻ ከመመርመር በእውነት በተፈጸመ ነገር መመርመር ይሻላልና፣ በቻይና አገር በአንድ አምባ ላይ የሆነውን እንመልከት። ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሲችዋን ምድር፣ ዛሬ ቾንግቺንግ ከሚባለው ከተማ በስተ ሰሜን፣ ዲያዩ የሚባል ተራራ አለ፤ ትርጓሜውም ዓሣ ማጥመድ ማለት ነው። ሦስት ወንዞች በአጠገቡ ይገናኛሉ፤ ገደሉም እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። ሞንጎሎች የሶንግን መንግሥት በወረሩ ጊዜ የሲችዋን ገዥ ዩ ጂዬ በ1243 በዚህ ተራራ ላይ ምሽግ አሠራ። በአምባው ላይ የሚታረስ መሬትና የሚጠጣ ውሃ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ እያረሰ ወታደሩም እየጠበቀ ብዙ ዘመን ለመኖር ቻሉ።

በ1259 የሞንጎሎች ንጉሠ ነገሥት ሞንግኬ ራሱ ጦሩን እየመራ መጥቶ አምባውን ከበበ። የአምባው አዛዥ ዋንግ ጂያን ግን ለወራት ተከላከለው፤ ሞንግኬም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሞተ። ከፊሎቹ ደዌ ገደለው ይላሉ፤ ከፊሎቹም በአምባው ሥር ቈስሎ ነው ይላሉ። ሲሞትም አምባው በተያዘ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ በሰይፍ እንዲጠፋ አዝዞ ነበር ተብሎ ይነገራል።

ከዚህ በኋላ አምባው ሃያ ዓመት ያህል ጸና። ዳሩ ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ እየወደቀ ሄደ። በ1276 የመንግሥቱ ዋና ከተማ ሊንአን እጅዋን ሰጠች፤ በ1278 ቾንግቺንግ ተያዘች፤ አምባውን አስቀድሞ ብዙ ዓመት የጠበቀው ጃንግ ጁዬም ተማረከ። በአምባው ላይ የቀረው አዛዥ ዋንግ ሊ ነበረ። ዝናም ጠፋ፤ ሕዝቡም ተራበ፤ ረድኤት የሚመጣበትም መንገድ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ዋንግ ሊ ወደ ኩብላይ ሹም ወደ ሊ ደሑይ ልኮ፣ ሕዝቡ እንዳይገደል ቃል ከተሰጠው እንደሚገባለት አስታወቀ። ሊ ደሑይም ራሱ መጥቶ ቃሉን ሰጠ፤ ጠበቀውም። በ1279 መጀመሪያ በሩ ተከፈተ፤ ሕዝቡም ዳነ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የሶንግ ሕፃን ንጉሥ በደቡብ ባሕር ላይ ሞተ፤ መንግሥቱም አለቀ።

እነሆ፣ አገሬው ስለዚህ ሰው እስከ ዛሬ አልተስማማም። በአምባው ላይ ለታማኞች መታሰቢያ በቆመው ቤት በ18ኛው መቶ ዓመት የዋንግ ሊ መታሰቢያ ገባ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከሃዲ ነው ተብሎ ወጣ።

የሚነቅፉት ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ በሩ በተከፈተ ጊዜ ሕፃኑ ንጉሥ ገና በሕይወት ነበረ፤ ስለዚህ መሐላው አልተፈታም ይላሉ። ሁለተኛ፣ የተራበ ጠባቂ ሁሉ በር የሚከፍት ከሆነ በማን ይታመናል? ሦስተኛ፣ ዋንግ ሊ ከሞንጎሎች ሹመት ተቀብሏል። ይህ ሦስተኛው ስሙን በእውነት ያጠቁረዋል፤ ሕዝብን ያዳነ ሰው ዋጋ ተቀባይ መስሎ ሲታይ የሠራው በጎ ነገር ይጠረጠራልና።

ዳሩ ግን በሰሎሞን ፊት የቆሙትን ሁለቱን ሴቶች እናስብ። ሕፃኑ ይከፈል ያለችው ክርክሯን እስከ መጨረሻ አልለቀቀችም፤ ልጄን ስጧት ያለችው ግን የእናትነት መብቷን ለቀቀች። ንጉሡም እናቲቱን ያወቃት በመልቀቋ ነው። ደግሞ ሴዴቅያስን እናስብ። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን አለቆች ቢወጣ ከተማይቱ እንደማትቃጠል ነገረው፤ እርሱ ግን አስቀድመው የከዱት አይሁድ እንዳይዘብቱበት ፈራ። ስለ ክብሩ ሲፈራ ከተማይቱ ተቃጠለች፤ ልጆቹም በፊቱ ታረዱ።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ይመስለናል። ከበባው ሃይማኖትን ካዱ የሚል ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሰው ነፍስ ለአምባ ጠባቂ አልተሰጠችምና አሳልፎ ሊሰጣት አይችልም። ሰማዕታትም በዚህ ነገር የሰጡት የገዛ ደማቸውን እንጂ የጎረቤታቸውን ደም አይደለም። በዲያዩ አምባ የተጠየቀው ግን ግንቡ ነበረ። ግንብ የሚሠራው ሰው እንዲኖርበት ነው፤ ሰው የሚፈጠረው ግንብ እንዲጠብቅ አይደለም። ጠባቂው ለንጉሡ ሲምል፣ ንጉሡ ራሱ ሊጠብቀው የሚገባውን ሕዝብ ስለ እርሱ ሊጠብቅ መማሉ ነው።

ይህ ግን ለፈሪ መሸሸጊያ እንዳይሆን መለያው ሦስት ነው፤ ይኸውም ረድኤት በእውነት ጠፍቷልን? አስቀድሞ የለመነው ለራሱ ነው ወይስ ለሕዝቡ? ነቀፋውንስ የሚሸከመው ማን ነው? በመጀመሪያው ጥያቄ ሠላሳ ስድስት ዓመት የጸናው አምባ ራሱ ይመሰክራል። በሁለተኛውም ሕዝቡ በሕይወት መትረፉ ይመሰክራል። በሦስተኛው ግን ዋንግ ሊ ነቀፋውን ከሹመት ጋር ተሸክሟልና፣ ፍርዱን ለእግዚአብሔር እንተዋለን።

በሰው ላይ የተሾምን ሁሉ፣ ካህን ብንሆን ዳኛም ብንሆን፣ አባወራም ብንሆን፣ ቃሌን አላጥፍም ለማለት አፋችንን ስንከፍት አስቀድመን ዋጋውን የሚከፍለውን ሰው ፊት እንመልከት። የራሳችን ፊት ከሆነ እንጽና። የሌላው ፊት ከሆነ ግን ክብራችንን ጥለን እርሱን የምናድንበትን ልብ ይስጠን።