የሁለት ሚዛን ኀጢአት፤ ስለ ሴት ሠራተኛ ደመወዝ

በኦሪት ዘዳግም 25ኛው ምዕራፍ ስለ ነጋዴ ከረጢት የተነገረ ትእዛዝ ታገኛለህ። አንዱ ከባድ፣ ሁለተኛው ቀላል የሆነ የሚዛን ድንጋይ ይዞ በከባዱ የሚገዛውን፣ በቀላሉም የሚሸጠውን ሰው እግዚአብሔር ይጸየፈዋል። በሶዶ ገበያም እንዲህ ያለ ነጋዴ ቢገኝ ሕዝቡ ሌባ ይለዋል፤ ዳግመኛም ወደ እርሱ የሚሄድ የለም። ነገር ግን በደመወዝ መዝገብ ውስጥ የሚሸሸግ ሌላ የሁለት ሚዛን ኀጢአት አለ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሌባ አይባልም፤ በማኅበር መካከልም በክብር ይቀመጣል። ኀጢአቱም አንድ ሥራ ከሠሩ ከወንድና ከሴት፣ ለሴቲቱ ሴት ስለ ሆነች ብቻ አሳንሶ መክፈል ነው።

ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆናለች። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ቤት ይሠራል፤ ድንጋይና አሸዋም ይመላለሳል። በአገራችን ከተሞች ሁሉ እንደሚታየው ከተሸካሚዎቹ መካከል ሴቶች አሉ። ወንድና ሴት አንድ ባሬላ ሲሸከሙ አስተውል፤ አንዱ በፊት፣ አንዲቱ በኋላ ይይዛሉ። አሸዋው አንድ ነው፤ መንገዱ አንድ ነው፤ ፀሐዩም አንድ ነው። ሴቲቱ እጇን ብትለቅ ወንዱ ብቻውን አንድ እርምጃ አይራመድም። ሲመሽ ግን በብዙ ስፍራ «ይህ የወንድ ዋጋ፣ ይህ የሴት ዋጋ» ተብሎ ለእርሱ ሙሉ፣ ለእርስዋ ጎዶሎ ይቈጠራል።

በቢሮና በፋብሪካ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይሰወራል። ደመወዙ በወረቀት ላይ እኩል ሆኖ ሳለ ሴቲቱ ወልዳ ስትመለስ እድገቷ ለሌላ ተሰጥቶ ታገኘዋለች። ወይም ብዙ ሴቶች የሚሠሩት ሥራ ሁሉ «የሴት ሥራ» ተብሎ ይረክሳል። በ2008 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከወላይታ ሳይቀር ልጃገረዶች ሄደዋል፤ በዚያ ልብስ ከሚሰፉት የሚበዙት ሴቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች የመነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደ ነበረ ገልጧል።

የምድራችን ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 እና በአንቀጽ 42 ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ለሴቶች እንዲሰጥ አዝዟል። ኢትዮጵያም የዓለም የሥራ ድርጅት ስለዚሁ ጉዳይ በ1943 ዓ.ም. ያወጣውን ስምምነት በ1991 ዓ.ም. ተቀብላለች። ነገር ግን ያለ ወረቀት በማለዳ ተቀጥራ በማታ ለምትሰናበት የቀን ሠራተኛ ማን ይመሰክርላታል? ሕግ የማይደርስበት ስፍራ ላይ ኅሊና ሊደርስ ይገባል። በያዕቆብ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈ ከሠራተኛ ላይ የቀረው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፤ ጩኸቱም እስከ ጌታ ጆሮ ይደርሳል።

ባለ ሥራዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ።

አንደኛ፣ «ሴት ጉልበቷ ደካማ ነው» ይላሉ። ዋጋው ለሸክሙ ከሆነ ሸክሙን መዝን፤ ተሸካሚውን አትመዝን። ጥቂት ያመላለሰ ጥቂት ይቀበል ብትል ይህ ደንብ ለደካማው ወንድም ይሁን። ደካማው ወንድ ሙሉ፣ ብርቱዋ ሴት ጎዶሎ ከተቀበሉ ምክንያቱ ጉልበት አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ወንድ ቤተ ሰብ ያስተዳድራል» ይላሉ። እንግዲህ ሚስት ያላገባውን ጎልማሳ ትቀንስበታለህን? ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ መበለትስ ትጨምርላታለህን? ጊፋታ ሲቃረብ ወንዶች ለሰንጋ፣ ሴቶች ለቅቤ ገንዘብ ማጠራቀማቸው በወላይታ የታወቀ ነው። ቅቤ ሻጩ «ገዢይቱ ሴት ናትና ዋጋ ልቀንስላት» አይልም። በገበያ ከወንድ እኩል የምትከፍል ሴት በሥራ ስለ ምን ከወንድ አንሳ ትቀበላለች?

ሦስተኛ፣ «ራሷ ተስማምታለች» ይላሉ። ልጇ በቤት የተራበባት ሴት ለምን አትስማማ? ያዕቆብም ከላባ ጋር ተስማምቶ ነበር፤ ላባ ግን ደመወዙን ዐሥር ጊዜ ለወጠበት፤ እግዚአብሔርም ግፉን አየ። ልያና ራሔልም አባታቸው የእነርሱን ዋጋ እንደ በላ በግልጥ ተናገሩ። በማቴዎስ ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ ያለው የወይን አትክልት ጌታ ግን ከስምምነቱ አልፎ የሰጠው በመጨረሻው ሰዓት ለመጡት ነው። ባለቤት በገንዘቡ ነጻነት አለው ከተባለ፣ ያ ጌታ ነጻነቱን ለመጨመር እንጂ ለመቀነስ አልተጠቀመበትም።

አንተ ባለ ሥራ የሆንህ ወንድሜ ሆይ፤ ዛሬ ማታ የደመወዝ መዝገብህን ግለጥ። የስሙን ዓምድ በእጅህ ሸፍነህ ሥራውንና ክፍያውን ብቻ አንብብ። ስሙን ሳታይ ልዩነቱን ልታስረዳ ካልቻልህ ሁለተኛውን ድንጋይ አግኝተኸዋልና ጣለው። የቀረባትንም መልስላት፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቷልና። ከጎዶሎ ደመወዝ የተረፈውን ገንዘብ ወደ መሥዋዕት ሣጥን ብታገባው አይቀደስም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች ሆይ፤ እናንተም በማኅበራችሁ የምትጠርገውንና ሕፃናትን የምታስተምረውን ሴት ደመወዝ አስቀድማችሁ መርምሩ። ወንጌል ወደ ወላይታ በ1920 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ ሴቶች በዚህ ሥራ ያልደከሙበት ዘመን የለም።

አንተ ተማሪ ሆይ፤ ነገ መዝገቡን የምትይዝ ወይም ውሉን የምትጽፍ አንተ ነህ። «እኔ የታዘዝሁትን ብቻ ጻፍሁ» ማለት በእግዚአብሔር ፊት አያድንህም።

አንቺም እኅቴ ሆይ፤ መብትሽን መጠየቅ ትዕቢት አይምሰልሽ። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ርስታቸውን ጠየቁ፤ እግዚአብሔርም እውነት እንደ ተናገሩ መሰከረላቸው። ብቻሽን ብትፈሪ እነርሱ እንዳደረጉት ከባልንጀሮችሽ ጋር ሆነሽ ጠይቂ።

ወንድንና ሴትን በመልኩ የፈጠረ፣ ሁለቱንም በአንድ ደም የዋጀ ጌታ በእጁ ያለው ሚዛን አንድ ነው። በዚያ ሚዛን በምንመዘንበት ቀን በከረጢታችን ሁለተኛ ድንጋይ እንዳይገኝ እርሱ ይርዳን። አሜን።